ጋሼ «እኛም ጋ አለ»

ትንሽ ከተማ ውስጥ ሁለት ሱፐርማርኬት ፊት ለፊት ከተከፈተ፣ አንደኛው ባለቤት ዕቃ መሸጡን ትቶ የሌላኛውን በር ሲጠብቅ መዋሉ አይቀርም። የእኛ ከተማ በር ጠባቂ ክቡር ጋሼ «እኛም ጋ አለ» ናቸው። ከመንገዱ ማዶ ያለችው የሌላኛው ሱፐርማርኬት ባለቤት፣ ባለመነጽሯ፣ ምንም ታምጣ ምን፣ መልሳቸው ያው አንድ ስለሆነ ሰፈሩ ስም አድርጎ ሰጣቸው።

ባለመነጽሯ የዕቃ መግፊያ ጋሪ አመጣች። በሳምንቱ ጋሼም አስመጡ። የእሳቸው መተላለፊያ ግን ጠባብ ነውና የገባ ጋሪ መዞሪያ የለውም። አንዲት ነፍሰ ጡር መምህርት ሩዝ ልትገዛ ጋሪ እየገፋች ገብታ፣ ወደ ኋላ መመለስ አቅቷት፣ በሳሙናው አልፋ በመጋዘኑ በር ወጣች።

«አየሽ፣ የእኛ ሁለት በር አለው!» አሏት በኩራት።

ባለመነጽሯ ለስለስ ያለ ሙዚቃ ከፈተች። ጋሼ የመኪና መንገድ የሚያናውጥ ድምፅ ማጉያ ሰቀሉ። ጎረቤታቸው ፋርማሲስት እየሮጠ መጣ።

«ጋሼ፣ ኧረ በፈጠረዎት ይቀንሱልኝ! ለሳል የመጣው ሰውዬ የሆድ መድኃኒት ይዞ ሄደ!»

ባለመነጽሯ ዳቦ መጋገር ስትጀምር ጋሼ ባለቤታቸውን ለስለላ ላኩ። ባለቤታቸው ከሁለት ሰዓት በኋላ ሦስት ዳቦ ታቅፈው ተመለሱ።

«እንዴት ነው?»

«እውነቱን ልንገርህ?»

«ንገሪኝ።»

«አንተ እንዳትጋግር።»

ጋሼ እስከ እራት ድረስ አኮረፉ።

አንድ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ የባለመነጽሯ ፍሪጆች በሙሉ ተቃጠሉ። ወተቱን፣ ሥጋውን፣ እርጎውን አውጥታ በረንዳው ላይ ስትደረድር፣ ጋሼ እንዴት እንደሚፈነድቁ ለማየት ሰው ተሰበሰበ። እውነት ለመናገር ይህን ቀን ስድስት ዓመት ሙሉ ተመኝተውታል። ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ስትጠርግ ሲያዩ ግን ሳያስቡት መንገዱን ተሻገሩ።

«ወተቱን ወደ እኔ አሻግሪው።»

«ቦታ የት አለዎት ጋሼ?»

የራሳቸውን ለስላሳ ከፍሪጅ እያወጡ ወለል ላይ ደረደሩና ቦታ አበጁላት። ከሰዓቱን ሙሉ የእሷን እርጎ ሲሸጡ ዋሉ፤ «የእርስዎን ይስጡኝ» ያለውን ደንበኛ ሁሉ «የሷ ይበላሻል፣ የሷን ውሰድ!» እያሉ ተቆጡት።

ወደ ማምሻው ባለመነጽሯ መጣች። የጠራችው መካኒክ ፍሪጆቹን አይቶ «አይጠገኑም» ብሏታል።

«በቃኝ ጋሼ፣ ልዘጋው ነው። እህቴ ጋ እሄዳለሁ።»

ጋሼ ክው አሉ።

«ዘግተሽ? ኧረ በናትሽ! እኔ ጠዋት ተነስቼ በማን ልናደድ ነው?»

በማግስቱ ከሌላ ከተማ መካኒክ ይዘውላት የመጡት ራሳቸው ናቸው። ፍሪጆቹ ተጠግነው ሲነሱ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ጋሼ ብቻ ጆሯቸውን አቁመው አዳመጡና ፊታቸው ጠቆረ፤ የእሷ ፍሪጅ ድምፁ ከእሳቸው ፍሪጅ ይልቅ ዝግ ያለ ነበር።