የማቀዝቀዣው በር በመሐል ሜዳ እንደምን እንደ ተዘጋ

ወይዘሮ እፀገነት የባዮሎጂ መምህርነታቸውን ትተው ባክቴሪያ ማርባት በጀመሩ በሦስተኛው ዓመት፣ የባዮቴክኖሎጂና የሕይወት ሳይንስ ድርጅቶች ድጋፍ ሰጪ ማዕከል በተመሠረተ በአምስተኛው፣ አቶ መሳፍንት በማዕከሉ ላይ በተጠባባቂ አስተባባሪነት በነገሡ በዐሥራ አራተኛው ወር፣ ስትራቴጂክ ዕቅዱ ለሁለተኛ ጊዜ በተከለሰበት ዘመን፣ ግንቦት ሃያ ስምንት ቀን ከጧቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በመንዝ ምድር፣ በመሐል ሜዳ ከተማ አንድ በር ተዘጋ። ንጽሐፍ እንከ፤ ምክንያቱንና አኳኋኑን ሳንጨምር ሳናጎድል እንጽፋለን።

እኒህ እፀገነት፣ በዐይን የማይታይ መንጋ ጠባቂ፣ የብልቃጦች እመቤት፣ በባቄላ ሥር ላይ ሰፍሮ አየሩን ለተክሉ ምግብ የሚያደርግ ባክቴሪያ እያራቡ በከረጢት ያሽጉ ነበር፤ ገበሬውም ከዘሩ ጋር ለውሶ ይዘራዋል። ነገር ግን ባክቴሪያው ሃያ ስምንት ዲግሪ ሙቀት ካላገኘ አይራባም፤ የመሐል ሜዳ ብርድ ደግሞ ለማንም አያዝንም። በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ ጀምረው ሁለት ጊዜ ብርዱ አስቆመባቸው። ለሦስተኛው የሚሆን የባክቴሪያ እርሾ የቀራቸው ለአንድ ጊዜ ብቻ ነበር። መቶ አርባ ገበሬዎች ስማቸውን አስመዝግበው፣ ከሰኔ ሚካኤል የዘለለ እንደሆነ ባቄላችንን እንዲሁ እንዘራለን፣ ዳግመኛም አንመዘገብም ብለው ቀን ቆርጠውባቸው ነበርና፣ ወይዘሮ እፀገነት የሚሞቅ ሣጥን ይሰጠኝ ሲሉ ለማዕከሉ ጻፉ።

ወእምዝ ማዕከሉ መከረ። ሰባት ወር መከረ። በሰባተኛው ወር ለሕይወት ሳይንስ ድርጅቶች የሚሰጡ ዕቃዎች ዝርዝር ተገለጠ፤ ዝርዝሩን ያዘጋጁት ሰዎች ቆላ ተቀምጠው ስለ ነበር፣ የሚያሞቅ የሚል አልተገኘበትም፤ የሚያቀዘቅዝ የሚል ግን ተገኘ። ስለዚህ አቶ መሳፍንት፣ ሊቀ ድጋፍ፣ ባለ ክብ ማኅተም፣ ከደብረ ብርሃን ተነሥተው ወደ መንዝ ዘመቱ። አብረዋቸው የዘመቱትም እኒህ ናቸው፦ የክትትልና ግምገማው ባለሙያ አቶ መርስዔ ኃዘን ከነቅጻቸው፣ ፎቶ አንሺው ማሙሽ፣ ባነር የሚዘረጉ ሁለት፣ ነፋስ ሲመጣ ባነሩን የሚይዙ ሌሎች ሁለት፣ ከሌላ ስብሰባ ሲመለሱ የተሳፈሩና ወዴት እንደሚሄዱ ያልተነገራቸው ሦስት ሰዎች፣ በስተኋላም በጭነት መኪና ላይ በገመድ የተጠፈረ ነጭ ማቀዝቀዣ።

አቶ መሳፍንትም በወይዘሮ እፀገነት ግቢ ቆመው አዋጅ አስነገሩ፦ «ማዕከላችን ሳይንስን ከቃል ወደ ተግባር አሸጋግሯል! ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ድርጅት ውስጥ የሚሞቅ ነገር አይኖርም!»

ከተመዘገቡት ገበሬዎች አንዱ የሆኑት ጋሽ ወሰኔም ከአጥሩ ማዶ ሆነው አጸፋውን አወጁ፦ «ስማ! ያልሰማህ ስማ! ለመንዝ ማቀዝቀዣ ተላከለት። ለከርሞ ደግሞ ለጓሳ ተራራ ውርጭ ይላክለታል፤ አህያ ያለህ ጫን፣ የሌለህ ተሸከም!»

ወይዘሮ እፀገነት አመስግነው ፈረሙ፤ ዘማቾቹም ተመለሱ። ወይዘሮዋ ግን ብርድን የማያስወጣ ግድግዳ ሙቀትንም እንደማያስወጣ ያውቁ ነበርና፣ የማቀዝቀዣውን ሶኬት ነቀሉ፤ በውስጡ ባለ አርባ ሻማ አምፖል አንጠለጠሉ፤ ጎረቤታቸው እማማ ደብሪቱ ባዋሷቸው የበግ ጠጉር ዝተት ከላይ እስከ ታች ጠቀለሉት። ቴርሞሜትሩ ሃያ ስምንት አለ። ያን ጊዜ የመጨረሻውን እርሾ አስገቡ። ሰባ ሁለት ሰዓት ያስፈልገው ነበር፤ ስልሳ ስምንቱ በሰላም አለፈ።

በስልሳ ዘጠነኛው ሰዓት የድጋፉ ውጤት ይገምገም ተብሎ ያ ሠራዊት ሁሉ ተመልሶ መጣ። ጉም ወርዶ፣ ካፊያ ጥሎ፣ ባነር ያዦቹ ጣታቸው ደንዝዞ ነበር። አቶ መሳፍንት ለፎቶ ይመች ዘንድ ዝተቱን ገልጠው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት፤ ሙቀቱም ፊታቸውን ዳበሳቸው። እጃቸውን አስገቡ። ሠራዊቱም እንደየማዕረጉ እጁን አስገባ። የአቶ መሳፍንት ሁለተኛው አዋጅ ያን ጊዜ ወጣ፦ «ፎቶው እስኪነሣ፣ እጃችንም እስኪፍታታ፣ ይህን በር ማንም እንዳይዘጋው!»

ቴርሞሜትሩ ሃያ ስድስት አለ። አቶ መርስዔ ኃዘን ቅጻቸውን አወጡ፤ በቅጹ ላይ ማቀዝቀዣ ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ይሁን ይላል። ሃያ አራት ሲል፣ እኒህ ሊቅ በሚሰማ ድምፅ ይህን አወጁ፦ «ዕቃው ገና ነው፤ ነገር ግን አበረታች መሻሻል እያሳየ ነው! ስምንት እስኪገባ እንጠብቃለን!» ሃያ ሁለት አለ። ከሃያ ከወረደ እርባታው እንደ ፊተኞቹ ሊቆም ነው፤ ሌላ እርሾም የለም።

ያን ጊዜ ወይዘሮ እፀገነት በማሙሽ ክንድ ሥር ሾልከው፣ ባነሩን በትከሻቸው ገፍተው፣ በበሩና በሹማምንቱ መካከል ቆሙ፤ እንዲህም አወጁ፦ «ጌቶቼ፣ እጅ ያለው እጁን ያውጣ! እናንተ ካፖርት ደርባችኋል፤ እዚህ ውስጥ ያለው ራቁቱን ነው። መሻሻሉ ይቅርብኝ! የበረደው እማማ ደብሪቱ ቤት እሳት አለ፤ ይሂድና ይሙቅ!» ይህን ብለው፣ የአቶ መሳፍንት ጣቶች መውጣታቸውን በዐይናቸው አረጋግጠው፣ በሩን በጀርባቸው ዘጉት።

ቴርሞሜትሩ ሃያ አንድ ላይ ቆመ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ሃያ ስምንት ገባ። ሠራዊቱ ወደ እሳቱ ፈለሰ፤ አቶ መርስዔ ኃዘንም ቅጹ ባዶ እንዳይሆን ብለው የራሳቸውን ቴርሞሜትር በውጭው ግድግዳ ላይ ሰቅለው ሰባት ዲግሪ አገኙ፤ «መስፈርቱን አሟልቷል» ብለውም ጻፉ።

ባክቴሪያው ተራባ፤ በከረጢት ታሸገ፤ መቶ አርባውም ገበሬ ሰኔ ሚካኤል ሳይደርስ ዘራ። ማዕከሉ ይህን ሁሉ በማቀዝቀዝ ድጋፍ የተገኘ ውጤት ብሎ ለበላይ ላከ፤ ለአቶ መሳፍንትም ተጠባባቂ የሚለው ቃል ተነሣላቸው።

እኛ ግን እንመሰክራለን፤ በዚህ አገር ፕሮጀክት የከፈቱ፣ ጽሕፈት ቤት የከፈቱ፣ ዐውደ ጥናት የከፈቱ ከሰማይ ከዋክብት ይበዛሉ፤ ስማቸውም በእብነ በረድ ተቀርጿል። አንድ በር በጊዜው የዘጋ ግን ከእፀገነት በቀር አላየንም። ክብር ለጀርባቸው ይሁን፤ ባቄላውም ምስክራቸው ነው።