በቱቦው ውስጥ የቆሙት ሽማግሌዎች

ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ሕልም አየሁ። በሕልሙ አራታችንም ነበርን፤ አባቴ አቶ ገድሉ፣ እናቴ ወይዘሮ ዘርፌ፣ ታላቅ እኅቴ ማኅደርና እኔ ሙላት። ቦታው ጎንደር ያለው ያው አሮጌው ቤታችን ነው።

አስቀድሜ የቅዳሜውን ነገር ልናገር። የቤታችን የፍሳሽ መስመር በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ይዘጋል። መስመሩ የሚከፈትበት ማንሆል የት እንዳለ ደግሞ የሚያውቅ የለም። ታላቅ ወንድሜ ሲዳር አባቴ ግቢው ለድንኳን እንዲመች ብለው በሲሚንቶ አስለሰኑት፤ የማንሆሉም ክዳን አብሮ ተለሰነ። ከዚያ ወዲህ መስመሩ በተዘጋ ቁጥር እናቴ ከሎሚው ሥር ነው ትላለች፤ አባቴ ከበሩ አጠገብ ነው ይላሉ። ሁለቱንም እንቆፍራለን። ሳናገኘው ስንቀር በሽንት ቤቱ በኩል ረጅም ሽቦ እየሰደድን እንጎረጉራለን።

ቅዳሜ ደግሞ ተዘጋ። በማግስቱ ማኅደርን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ሲመጡ ይህ ሦስተኛቸው ነው። አባቴ ሁለት ጊዜ "ዘመድ እናማክር" ብለው መልሰዋቸዋል።

"አሁንም ከተመለሱ አይመጡም፤ ቁርጡን ነግረውኛል" አለች ማኅደር።

"አውቃለሁ" አሉ አባቴ።

"እንግዲያው ማንሆሉን እንፈልገው። በዚህ ሽታ እንዴት ይገባሉ?"

"ግቢዬን አስቆፍሬ እንግዳ አልቀበልም። ማንም ሰው ውሃ እንዳይደፋ።"

በዚሁ ተኛን።

በሕልሜ ሳሎን ነበርን። ወንበሮቹ እኛ ላይ ተቀምጠው ነበር። እኔ ላይ አንድ ዱካ፣ አባቴ ላይ ትልቁ ሶፋ። ነገሩ ማንንም አልገረመም። ቀና ስል ስንት ዓመት የፈለግነው ማንሆል ጣራው ላይ ነው። ክዳኑ ዞረና ተከፈተ። ነጭ ሱፍ የለበሰ፣ ሽቶ የተቀባ ሰው በመሰላል ወረደ።

"ከታች ነው የመጣሁት" አለ።

"ምን ልንታዘዝ?" አሉ አባቴ ከሶፋው ሥር።

"ፍሳሹ አቤት ብሏል። የዚህ ቤት ሽታ አላስቀምጥ ብሎታል።"

እናቴ ክው አለች። "የእኛ ሽታ?"

"ትናንት ሽንኩርት አቁላልተሻል?"

"ለእንግዳ ነው።"

"እሱ ነው" አለና ጻፈ።

በመስኮት ወደ ግቢው አየሁ። የቆሸሸው ውሃ በአንድ መስመር ተሰልፎ ወደ ቤት ለመግባት ተራ ይጠብቃል። የፊተኛው ውሃ ወደ ኋለኛው ዞሮ "አትግፋኝ፤ አንተ የመጣኸው አሁን ነው" ይለዋል። አንዷ ጎረቤታችን ያለ ተራዋ ልትገባ ስትል ውሃው ሁሉ በአንድ ድምፅ ጮኸባት። እሷም አፍራ ወደ ኋላ ሄዳ ተሰለፈች።

ከዚያ ወዲያው ሽንት ቤት ውስጥ ነበርን። ሽንት ቤቱ እንደ አዳራሽ ሰፍቶ ነበር። ባለ ሱፉ ሽቦውን ወደ ቱቦው ሰደደ። ገባ፣ ገባ፣ አንድ ቦታ ሲደርስ ቆመ።

"ያዝ አደረገ። ሳቡ።"

ሁላችንም ሳብን። መጀመሪያ የጋቢ ጫፍ ወጣ። ቀጥሎ ከዘራ። ከከዘራው ኋላ በጥቅምት የመለስናቸው የሽማግሌዎቹ መሪ ጋሽ መንበሩ ወጡ፤ ከእሳቸው ኋላ ሁለቱ ጓደኞቻቸው። አልረጠቡም። ጋቢያቸው እንደ ተጣጠፈ ነው።

"እንደምን ከረማችሁ" አሉ ጋሽ መንበሩ።

"እናንተ ወደ ቤታችሁ አልሄዳችሁም?" አለች እናቴ።

"አስቡበት ብለናችሁ የለ? መልስ ሳናገኝ ወዴት እንሄዳለን? እየጠበቅን ነው።"

ባለ ሱፉ ጆሮውን ቱቦው ላይ ለጥፎ አዳመጠ። "ከኋላቸው ሌሎችም አሉ" አለ። እንደ ገና ስንስብ ሌሎች ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። እነዚህን አላውቃቸውም። ጢማቸው አድጎ አድጎ ቱቦውን ሞልቶታል፤ ለመውጣት አንዱ የሌላውን ጢም መፍታት ነበረበት።

"የማን ናችሁ?" ስል ጠየቅሁ።

"የሺን ልንጠይቅ የመጣን ነን። አያትህ በሳምንቱ ተመለሱ ብለውን ነበር።"

የሺ የአባቴ እኅት ናት። ሳታገባ ሰባ ዓመት አልፏታል። አባቴን አየኋቸው፤ ፊታቸው ኖራ መስሏል።

"ነገሩ ቀላል ነው" አለ ባለ ሱፉ። "መልስ ስጧቸውና መስመሩ ይከፈታል።"

ማኅደር አባቴ እግር ላይ ወደቀች። "አባባ፣ አንዲት ቃል ናት።"

አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ከዘራቸውን ተደግፈው ጎንበስ አሉ።

"ዘመድ እናማክር" አሉ አባቴ።

"መልካም፤ እንቆያለን" አሉ ጋሽ መንበሩ። ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ እግራቸውን አስቀድመው ወደ ቱቦው ተመለሱ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ጢማሞቹ መጨረሻ ገቡ። የመጨረሻው ሰውዬ ከመግባቱ በፊት "የሺ ደኅና ናት?" ብሎ ጠየቀኝ።

"አባባ ምን አደረጉ?" አለች ማኅደር።

"ምን ላድርግ፣ አንደበቴ ለምዶብኛል" አሉ አባቴ። እሳቸውም ደንግጠው ነበር።

ባለ ሱፉ መዝገቡን ገለጠ። "በእኛ በታችኞቹ ሕግ ልጅ የሚሰጠው አባት አይደለም። የቤቱ ታናሽ ነው። ታናሹ ማን ነው?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ከቱቦው ውስጥም ስድስት ጥንድ ዓይን አየኝ። እኔ ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ማኅደር ግን ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ሰጥተናል ልል አፌን ከፈትሁ። ቃል አልወጣም። ውሃ ከአፌ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ወጣ፤ ጥቁር ውሃ፤ ልዘጋው ብል አልዘጋ አለኝ።

"ሙላት! ሙላት ተነሥ፣ መጥተዋል።"

እናቴ ነበረች። ነግቶ ሦስት ሰዓት ሆኗል። እግሬን ከአልጋ ሳወርድ ውሃ ውስጥ ገባ። ሌሊቱን ፍሳሹ ገንፍሎ ቤቱን ሞልቶታል። ወደ ሳሎን ሮጥሁ።

ጋሽ መንበሩና ሁለቱ ጓደኞቻቸው መሐል ሳሎን ቆመዋል። ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል። ውሃው ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ነው። ማኅደር በጓዳው በር በኩል ቆማ አፏን በነጠላዋ ይዛለች።

"ኧረ እባካችሁ፣ በፈጣሪ፣ ወደ ደረቁ ውጡ" ይላሉ አባቴ።

"መልሳችንን ሳንይዝ ከዚህ ንቅንቅ አንልም" አሉ ጋሽ መንበሩ። ድምፃቸው ታፍኗል፤ አፍንጫቸውን በጋቢ ይዘው ነው የሚናገሩት።

አንድ የሽንኩርት ልጣጭ ተንሳፍፎ መጣና ጋሽ መንበሩ እግር ላይ ተለጠፈ። አባቴ እሱን አዩ። እኛን አዩ።

"ሰጥተናል" አሉ።

ሦስቱም ሽማግሌዎች ሳይመርቁ ወጡ። ምሳው የተበላው ጎረቤት ቤት ነው።