በአንድ ዘፈን ሁለት ቅኝት

“ሙዚቃ ሕግ አለው ወይ?” ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ድሮ ደስ ያሰኘኝ ነበር። ማሲንቆዬን ከግድግዳው አውርጄ ትዝታ ይኸ ነው፣ ባቲ ይኸ፣ አምባሰል ይኸ፣ አንቺሆዬ ይኸ እያልሁ አደነቁረው ነበር። ዛሬ ግን ጥያቄው ያንገሸግሸኛል። ሆድ ይፍጀው ብዬ የተውሁት ነገር ነው፤ ካነሣችሁት ዘንድ ብመረር አትቀየሙኝ።

እዚህ ዘመሮ ከተማ ትርንጎ የምትባል ጎረቤት አለችኝ። የበግ ጠጉር ፈትላ ባና፣ ያንን ወፍራም የጠጉር ብርድ ልብስ፣ ለሚሠሩ ሸማኔዎች ትሸጣለች፤ ስትፈትል ታንጎራጉራለች። ዘፈኗን በትዝታ ትጀምርና መጨረሻው ላይ ሳታስበው ወደ አምባሰል ትሻገራለች። እናቷም እንዲሁ ነበሩ። እዚያ መሻገሪያ ላይ ስትደርስ፣ እኔ ስንት ሰርግ ያደነቆረኝ ሽማግሌ፣ የያዝሁትን ሥራ ትቼ አዳምጣለሁ። የወረዳችን የባህል ቡድን ድምፃዊት በቋሚነት ሊቀጥር ውድድር ሲያወጣ “ነይ እንሂድ፣ እኔ በማሲንቆ አጅብሻለሁ” አልኋት። ከጠጉር ፍተላ የሚያወጣት ሌላ በር አልነበራትም።

ዘፈነች። ዳኛው፣ ክራር ተምሮ የመጣ ጎልማሳ፣ ራሱን ነቀነቀ።

“እህቴ፣ በአንድ ዘፈን ሁለት ቅኝት አይገባም። ሕግ ነው።”

እስቲ ፍረዱ! ክራር ቅኝት ሊቀይር ሲል አውታሩን እንደገና ማጥበቅና ማላላት አለበት፤ ዘፈን መሃል አይመቸውም። በማሲንቆ ግን ጣት ማንሸራተት ብቻ ነው፤ የሰው ጉሮሮማ ምን ገዶት! ክራር ያቃተውን ለፍጥረት ሁሉ ሕግ አደረጉት። ሕግ የምጠላ እንዳይመስላችሁ። ጓሳን፣ ያንን የአገራችንን የደጋ ሣር ምድር፣ ያየ ሰው ሕግ አይጠላም፤ ሣሩ እስከ ዛሬ የተረፈው በሕግ ተዘግቶ በሕግ ስለሚከፈት ነው። ግን ሲዘጋ ለሁሉም ይዘጋል፤ ሲከፈትም ለሁሉም ነው።

ከሰዓት በኋላ ለመዝጊያው የተጋበዘው ስመ ጥር ዘፋኝ መድረክ ላይ ወጣ። ጠዋት ከፊት ወንበር ተቀምጦ ትርንጎን ሲሰማ አይቼዋለሁ። በትዝታ ጀመረ፤ መጨረሻው ላይ ወደ አምባሰል ተሻገረ። ያቺኑ የትርንጎን መሻገሪያ! ዳኛው ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበ።

“ፈጠራ ማለት ይኸ ነው!” አለ በማይክ።

ዳኛውን ልሞግት ብድግ አልሁ። ትርንጎ ክንዴን ይዛ “ይተዉት ጋሼ፣ ለከርሞ ደግሞ እንሞክራለን” አለችኝ።

ያ የዘፋኙ ዘፈን ዓመቱን ሙሉ በየሻይ ቤቱና በየሚኒባሱ ሲጮህ ከረመ። ቡድኑ የቀጠራት ድምፃዊት ስትለቅ ውድድሩ እንደገና ወጣ፤ ትርንጎም እንደ ልማዷ ዘፈነች። ያው ዳኛ ፈገግ አለ።

“ሁለት ቅኝት መቀላቀልሽ ግድ የለም፤ ዘመኑ ነው” ሲል፣ በቃ ሥራውን አገኘች ብዬ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። እርሱ ግን ቀጠለ። “ነገር ግን እህቴ፣ የሰው ፈጠራ መቅዳት ነውር ነው።”

ወይ ጉድ! እናቷ የተቀበሩት ያ ዘፋኝ ማይክ ሳይጨብጥ ነው ብዬ ጮህሁ፤ ማን ሰምቶኝ። ሥራውን ሌላ ሰው ወሰደው።

ትርንጎ ዛሬም ትፈትላለች፤ ቤቷ ግን ጭጭ ብሏል። በቀደም አላስችል ቢለኝ “ምነው ማንጎራጎሩን ተውሽው?” አልኋት።

እንዝርቷን ሳታቆም፣ “የሰው ዘፈን ሰረቀች ይበሉኝ ጋሼ?” አለችኝ።