ወንድሜ ሲጋራ ያቆመ ዕለት

ሱሰኛ ማለት ምንጊዜም ሌላ ሰው ነው። «ሱስ አለብኝ» ብሎ ወሬ የሚጀምር ሰው እስካሁን አልገጠመኝም፤ ከገጠማችሁ አሳዩኝ። የሚጠጣው ሰው የሚጠጣው ለጨዋታ ያህል ነው። የሚቅመው የሚቅመው ሥራ ሲበዛበት ነው፤ ሥራው ምን እንደሆነ ግን ከቃመ በኋላም አይታወቅም። አንድ የቢሮ ባልደረባዬ ዐቢይ ጾምን ጠብታ ሳይቀምስ ስለሚያሳልፍ፣ ከመጠጥ ነጻ መሆኑን በየዓመቱ ያውጃል... የፋሲካ ማግስት የት እንደሚገኝ አትጠይቁት እንጂ!

እኔም ብሆን ሱስ አልነበረብኝም። ወንድም ነበረኝ።

ወንድሜ የተወለደው ካዛንቺስ፣ ከመሥሪያ ቤታችን ፊት ለፊት ባለችው የጋሽ ነስሩ ሱቅ መስኮት ላይ ነው። ሲወለድ ዕድሜው ሠላሳ አምስት ነበር። ሁለት ዲግሪ ያላት የመዝገብ ክፍል ኃላፊ በጠራራ ፀሐይ «ሲጋራ ይስጡኝ» ብትል ሰፈሩ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ። ስለዚህ «ለወንድሜ ነው» አልኩ። ጋሽ ነስሩም ሦስት ፍሬ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። በዚህ ሁኔታ ዘጠኝ ዓመት አለፈ፤ ሦስቱ ፍሬም አንድ ፓኮ ሆነ። ጋሽ ነስሩ ስለ ደኅንነቱ በጠየቁኝ ቁጥር አንዳንድ ነገር ስለምጨምርለት፣ ወንድሜ መሐንዲስ ሆነ፤ ጨጓራውን ታመመ፤ ከሚስቱ ተጣልቶ ታረቀ። በየበዓሉ «ለወንድምዎ ሰላም ይበሉልኝ፤ ደግሞ ይቀንሱ ይበሏቸው» ይሉኝ ነበር። መልእክቱን አደርስ ነበር። አይሰማም።

ስለ ሥራዬም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከየቀበሌው የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ በእኔ ጠረጴዛ ያልፋል። ያልፋል ስል፣ የሚያልፈው ያልፋል ማለቴ ነው። ቁጥሩን አያለሁ፣ ቀኑን አያለሁ፣ ማኅተሙን አያለሁ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ወረቀቱን ባመጣበት እጅ መልሼ አስይዘዋለሁ። «ማኅተም የለውም» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ድምፄን ከፍም ዝቅም ሳላደርግ፣ ብዬአታለሁ። ባለጉዳዮች ኮሪደር ላይ ምን እያሉ እንደሚጠሩኝ አውቃለሁ። ስሙ የተሳሳተ አይደለም።

መሥሪያ ቤቴ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ ቀን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆምኩና መተንፈስ እንደማልችል ገባኝ። ሐኪም ቤት ሄድኩ። ገና ጢሙ ያልጠና ሐኪም የደረቴን ራጅ ወደ ብርሃኑ አንሥቶ ተመለከተው።

«እናቴ፣ ያጨሳሉ?» አለኝ። ዕድሜዬ አርባ አራት ነበር። እናቴ!

«ወንድሜ ያጨሳል።»

ራጁን አየ። ቀጥሎ የቀኝ እጄን ሁለት ጣቶች አየ። ቢጫ ናቸው።

«እንግዲያው ለወንድምዎ ይንገሩልኝ» አለ በትሕትና። «ዛሬ ካቆመ ሳንባው ይተርፋል። ካላቆመ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ያንን ደረጃ የሚወጣው ሰው ተሸክሞት ነው። የሚያምረውን ሰዓት ለይቶ ይወቅ። ማቆሙንም ቢያንስ ለአንድ ሰው ይንገር። ብቻውን አይችለውም።»

ለሰው መንገር! ለሰው ነገር የምነግረው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። በማግሥቱ ይህን ጻፍኩ፦

«ለአቶ ነስሩ ሱቅ። ጉዳዩ፦ የሲጋራ ሽያጭ ስለማቋረጥ። ከዛሬ ጀምሮ እስከ ሌላ ትእዛዝ ድረስ ለዚህ ደብዳቤ ፈራሚ፣ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ፣ በፍሬም ሆነ በፓኮ፣ ሲጋራ እንዳይሸጥ እያሳሰብኩ፣ ስለሚደረግልኝ ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ። ግልባጭ፦ ለራሴ።»

ጋሽ ነስሩ መነጽራቸውን አድርገው፣ ዳቦ ሊገዙ የቆሙ ሰዎች እየሰሙ፣ ከላይ እስከ ታች ጮክ ብለው አነበቡት።

«እና ወንድምዎስ ምን ሊሆኑ ነው?»

«አቁሟል።»

«አልሐምዱሊላህ!» ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ዳቦ ገዢዎቹም «ተመስገን» አሉ። ደብዳቤው ከሻማው ካርቶን በላይ ተለጠፈ። ለወንድሜ ማስቲካ ተላከለት።

በሦስተኛው ቀን፣ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ፣ እግሬ ብቻውን ደረጃውን ወረደ።

«ጋሽ ነስሩ፣ አንድ ፍሬ ብቻ።»

«ደብዳቤ አለ።»

«ለወንድሜ ነው።»

«ወንድምዎ አቁመዋል።»

ወደ ቢሮዬ ተመልሼ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ «ቀደም ሲል የተላለፈው ትእዛዝ የተሻረ መሆኑን...» እያልኩ። ጋሽ ነስሩ ወረቀቱን አገላብጠው፣ ወደ ፀሐይ አንሥተው፣ መለሱልኝ።

«ማኅተም የለውም።»

«የመጀመሪያውስ መቼ ነበረው?»

«ለመከልከል ምን ማኅተም ያስፈልጋል፣ እትዬ? ለመፍቀድ እንጂ! ይሄን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። የሱቄን ፈቃድ ሳወጣ ሦስት ቀን መልሰውኛል። ረሱኝ?»

ረስቻቸዋለሁ። የመለስኩትን ሰው ሁሉ ባስታውስ ኖሮ ሌላ ነገር የማስታውስበት ቦታ አይኖረኝም ነበር።

በምሳ ሰዓት ታክሲ ውስጥ ተጋፍቼ ሜክሲኮ ወረድኩ። ሜክሲኮ ላይ ማንም አያውቀኝም፤ ደብዳቤዬም አልደረሰም። ጥግ ላይ ማስቲካና ሶፍት፣ ሲጋራም የምትሸጥ አንዲት ሴትዮ ፊት ቆምኩና «ለወንድሜ ነው» አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። «ለማንም ይሁን፣ እቴ። ስንት ልስጥሽ?»

አያችሁልኝ? ማንም አልጠየቀኝም። ከዚህች ሴትዮ ጋር ዳግም አንገናኝም፤ እኔ ግን ለእርሷም ወንድሜን ይዤላት ሄጄ ነበር። ሐኪሙ ራጁን አሳይቶኝ ያላመንኩትን፣ ሱሰኛ መሆኔን፣ ያመንኩት ያኔ፣ እግረኛ መንገድ ላይ ነው። አምኜም አጨስኩት። እስከ መጨረሻው። ማመንና ማቆም የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን እግረ መንገዴን ላስታውሳችሁ።

በማግሥቱ አራት ሰዓት ላይ ጋሽ ነስሩ ፊት ቆምኩ።

«ወንድም የለኝም» አልኩ። «እኔ ነኝ። ትናንትም አጭሻለሁ።»

ስኳር ሲመዝኑ ነበር። ሚዛኑ እስኪረጋ ጠበቁ።

«አውቃለሁ። የትኛው ወንድም ነው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እህቱን ሲጋራ የሚልከው? አንድ ቀን እንኳ ራሱ ሳይመጣ? ማለቴ... መሐንዲስ ሆኖ!»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ ስኳሩን እየቋጠሩ። «አሁን ይስሙኝ። አራት ሰዓት ላይ ነው አይደል የሚያምርዎ? አራት ሰዓት ላይ ይምጡ። ይጠይቁኝ፤ እከለክልዎታለሁ። በቃ። ነገም እንደዚያው።»

የዳንኩት በዚህ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ከአራተኛ ፎቅ እወርዳለሁ። «አንድ ፍሬ» እላለሁ። «ደብዳቤ አለ» ይላሉ። ስለ ውሃው መጥፋት ጥቂት እንነጋገራለን። መልሼ እወጣለሁ። ቢሮዬ ስደርስ ያ አምሮት የሚባለው ነገር ደክሞት አንዱ ፎቅ ላይ ቀርቷል። ስምንት ወር እንዲህ ሆነ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ መቆሜንም ተውኩ።

በዘጠነኛው ወር ጋሽ ነስሩ ቢሮዬ መጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ከቀበሌ የተጻፈ ደብዳቤ በሁለት እጃቸው አቀረቡልኝ። የሱቃቸው ፈቃድ መታደሻ ነበር። በሳምንት ውስጥ ካላለፈ ሱቋ ትታሸጋለች። ቁጥሩን አየሁ። ቀኑን አየሁ።

«ማኅተም የለውም» አልኩ።

አፌ ነው ያለው እንዳልል ዓይኔ ስማቸውን አንብቧል። ጋሽ ነስሩ ወረቀታቸውን መልሰው ወሰዱ። ኮፍያቸውን አድርገው ወረዱ።

በማግሥቱ ግን አራት ሰዓት ላይ ወረድኩ! የሱሰኛን ዓይን አውጣነት እዩልኝ። ገና ሳልጠይቅ ጋሽ ነስሩ ደብዳቤዬን ከግድግዳው ገነጠሉት፤ አንድ ፓኮ ሲጋራም ከላዩ አስቀምጠው ወደ እኔ ገፉት።

«ይኸው ትእዛዝሽ፣ ይኸው ሲጋራሽ! ውሰጂ። እኔ የአንቺ ዘበኛ ነኝ? ሂጂና እስክትጠግቢ አጭሺ!»

ዘጠኝ ዓመትና ዘጠኝ ወር «እርስዎ» ያሉኝ ሰው ናቸው።

ፓኮው ከእጄ የአንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነበር። ሽታው በወረቀቱ በኩል ይመጣ ነበር። እጄ እኔን ሳያስፈቅድ ተነሣ፤ ጣቶቼ ክዳኑን ነኩት። ደረጃውን አሰብኩ፤ ራጁንም። ሁለቱም አልያዙኝም። የያዘኝ ምን እንደሆነ ስነግራችሁ አፍራለሁ።

«ጋሽ ነስሩ» አልኩ፣ ድምፄን ከፍም ዝቅም ሳላደርግ፣ «ይህ ፈቃድ ማኅተም አለው?»

«ምን?»

«ለመፍቀድ ማኅተም ያስፈልጋል ብለውኛል። አለዎት?»

አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። «የለኝም።»

«እንግዲያው አልቀበልም።» ፓኮውን ወደ እርሳቸው መልሼ ገፋሁት።

እዚህ ላይ ሳቁ እንድላችሁ ትጠብቃላችሁ። አልሳቁም። «ወላሂ፣ አንቺ ሰው አይደለሽም!» አሉና ሲጋራውን ወደ መደርደሪያው፣ ደብዳቤዬን ወደ ግድግዳው መለሱ።

«ወረቀትዎን ይስጡኝ» አልኩ።

አራቱን ፎቅ ሳላርፍ ወጣሁና ወደ ቀበሌው ደወልኩ። ጸሐፊዋ «ውይ፣ እኔ ነኝ የረሳሁት!» አለች። ከሰዓት በኋላ ደብዳቤው ማኅተሙ ተመትቶበት ተመለሰ። ስልኩ የፈጀው አራት ደቂቃ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፣ ስልኩ።

ባለፈው ሳምንት ያው ሐኪም አዲሱን ራጅ ወደ ብርሃኑ አነሣው። በጣም ደስ አለው።

«ጎበዝ፣ እናቴ! ሌላስ? ለማቆም ያስቸገረዎት ልማድ ይኖራል?»

«እኔ እንኳ የለኝም» አልኩት። «አንዲት እህት ግን አለችኝ። ማኅተም የሌለው ወረቀት ስታይ አያስችላትም።»