የኢንጂነር ቨርጅል ሁለት ቅዳሜ

በዚህ ዓለም ላይ ያለ የገጠር መንገድ ሁሉ፣ ጠጠርም ይሁን አስፋልት፣ ሥራው የማያልቅ አንድ ሰው አያጣም። የቤቱ ግማሽ ቀለም ተቀብቷል፣ ግማሹ ይጠብቃል። ጀልባው ግቢው ውስጥ እንደተገለበጠ ሣር በቅሎበታል። መቼ እንደሚጨርስ ስትጠይቁት አይቆጣም፣ አያፍርም፤ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ቀን ይቆርጥላችኋል። እኛ መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ሰው የለም የምትሉ ካላችሁ አዝናለሁ፤ ሰውዬው እናንተ ናችሁ ማለት ነው።

የእኛው ክቡር ኢንጂነር ቨርጅል ታንገን ይባላሉ። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲ አላስቸገርንም። አርባ ዓመት ላም ሲያልቡ ኖረው፣ ላሞቹን ሸጠው ባረፉ በሳምንቱ፣ ከእኔ አኩሪ አተር ማሳ ጋር የሚዋሰነውን ሃያ ኤከር ግጦሽ የሞተር ሳይክል መጋለቢያ ሊያደርጉት ተነሡ። ጉብታና ኩርባ ያለው፣ ሞተሩ ከመሬት ተነሥቶ አየር ላይ የሚቆይበት ዓይነት ነው። ያኔ ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነበር። አጥሩ ላይ ተደግፌ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ጠየቅኳቸው።

«ሁለት ቅዳሜ» አሉኝ።

ይኼ እንግዲህ የዛሬ ስድስት ዓመት ነው።

መጀመሪያ አፈር ያስፈልጋል ተባለ። መንገዱ ዳር «ንጹሕ አፈር እንቀበላለን» የሚል ሰሌዳ ተከሉ። በአካባቢው የቤት መሠረት የሚቆፍር የጭነት መኪና ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ከአፈሩ ጋር የተሰባበረ ኮንክሪት መጣ፣ የዛፍ ጉቶ መጣ፣ አንድ ቀን ደግሞ ሙሉ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ከነቧንቧው መጣ። ሌላ ሰው ቢሆን ሰሌዳውን ይነቅል ነበር። ኢንጂነሩ ግን ገንዳውን አጥበው አቧራው እንዳይነሣ የሚረጭ ውሃ ሞሉበት፤ ከጠቅላላው ሜዳ ከተያዘለት ቀን በፊት ያለቀው እሱ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የኩርባዎቹ ፍተሻ መጣ። ሞተር እስኪገኝ ተብሎ ፍተሻው የተካሄደው ተቀምጠው በሚነዱት የሣር ማጨጃ መኪና ላይ ነው። ሄልሜታቸውን አጥብቀው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ሰው በእግሩ በሚቀድመው ፍጥነት ኩርባውን እየታጠፉ ገላቸውን ወደ ውስጥ ያዘነብሉ ነበር። እኔና ባለቤቴ እራታችንን ትተን በመስኮት እናይ ነበር። የዚያን ሰሞን ቴሌቪዥን አልከፈትንም ብል አልዋሸሁም።

ጉብታዎቹ ደግሞ ሌላ ጉድ ናቸው። የመጀመሪያው ጉብታ በመጀመሪያው በጋ ከእኔ ቁመት በላይ ሆኖ ቆመ። በሳምንቱ በዶዘር ፈረሰ። በሁለተኛው ዓመት እስከ አንገቴ ሆኖ ተሠራ፣ ፈረሰ። ቀጥሎ እስከ ደረቴ፣ ቀጥሎ እስከ ወገቤ። ሰውዬው ሽቅብ መሥራት አቅቷቸው ቁልቁል መሥራት ጀመሩ እያልኩ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣ በምሳ ሰዓት፣ ጠረጴዛውን ሁሉ አስቄያለሁ። እሳቸውም አብረው ሳቁ፤ ከዚያ የአፍ መጥረጊያ ወረቀት አንሥተው አዲሱን ንድፍ ሣሉበት።

እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነበር። ባለፈው ግንቦት ግን ቱቦዬን ቆረጡት።

በዚህ በሰሜን አዮዋ ሁላችንም የምናርሰው ረግረግ የነበረ መሬት ነው። ቅድመ አያቶቻችን በአካፋ ቆፍረው የሸክላ ቱቦ ስለቀበሩበት ነው ደረቅ የሆነው። የኔ ማሳ ውሃ በቨርጅል ግጦሽ ሥር አልፎ ወደ ቦዩ ይወርዳል። ቱቦው በየት በኩል እንደሚያልፍ ካርታ የለውም፤ ስለዚህ እዚህ አገር ሰው ከመቆፈሩ በፊት ጎረቤቱን ይጠይቃል። ይህን ከኢንጂነር ቨርጅል በላይ የሚያውቅ የለም። የስልክ መሥመር ሊቀብሩ የመጡትን ልጆች ግማሽ ቀን አቁመው ስለ ቱቦ ክብር ያስተማሩ እሳቸው ናቸው። የራሳቸው ተራ ሲደርስ ግን «ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ» ብለው ቆፈሩ።

ከዚያ ሦስት ቀን ዘነበ። ገና ብቅ ያለው አኩሪ አተሬ ውሃ ውስጥ ገባ። በአራተኛው ቀን ዳክዬዎች መጡ፤ በአምስተኛው ቀን ዘመዶቻቸውን ጠሩ። በዕድሜዬ እንደዚያን ጊዜ የተናደድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄጄ ያን ሜዳ ላስዘጋው የፒክአፑን ቁልፍ ይዤ ስወጣ፣ የማርሊስ መኪና ግቢዬ ገባ።

ማርሊስ የኢንጂነሩ ባለቤት ናት። ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስለነዳች ማዕረግ አትወድም፤ ሁላችንም በስሟ ነው የምንጠራት። በእኛ ዘንድ ይቅርታ በአፍ አይባልም፤ በትሪ ነው የሚመጣው። ትሪውን ሰጠችኝ፤ ሩባርብ ከሚባል ጎምዛዛ ተክል የተጋገረ ኬክ ነው፣ ገና ይሞቃል። ስለ አየሩ ጥቂት አወራንና ሄደች። ትሪ የተቀበለ ሰው ወረዳ አይሄድም፤ ቁልፌን ቦታው መለስኩ። ክቡርነታቸው ቱቦውን በሁለት ቅዳሜ ለመጠገን ቃል ገቡ። ግማሹን ጠገኑት።

ትሪ ደግሞ ባዶውን አይመለስም። የኔ ቲማቲም እስኪደርስ መስከረም ሆነ። ሞልቼው ስሄድ ቤት ውስጥ ሰው የለም። ማርሊስን ያገኘኋት ከከብቶቹ በረት ኋላ፣ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጣ፣ ቀኝ እግሯን ዘርግታ፣ የአንድ አሮጌ ቢጫ ሞተር ሳይክል ሰንሰለት ዘይት ስትቀባ ነው። የማን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«የኔ ነዋ» አለች። «ከቨርጅል በፊት የነበረ ነው።»

አርባ ዓመት ጎረቤቴ ናት፤ ሞተር ስትነዳ ቀርቶ ስለ ሞተር ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። ልጅ ሳለች በሰሜን በኩል በየቅዳሜው ትወዳደር ኖሯል። ሲጋቡ ላሞቹ መጡ። ላም ደግሞ ቅዳሜ አያውቅም፤ ሞተሩ በረቱ ጥግ ሸራ ለበሰ። ያኔ ቨርጅል ላሞቹ የሄዱ ዕለት ሜዳ እሠራልሻለሁ ብሏት ነበር። አሁን የቀኝ ጉልበቷ መገጣጠሚያ አልቋል፤ በጥቅምት አጋማሽ በቀዶ ሕክምና ሊቀይሩላት ነው። ሐኪሟ ከዚያ በኋላ ዝላይ የሚባል ነገር እንዳታስብ ነግሯታል። ቀሪው ሦስት ሳምንት ነው።

«ሎይድ፣ ያን የመጀመሪያውን ጉብታ ስንት ጊዜ እንዳፈረሰው አይተሃል?» አለችኝ።

አራት አልኳት።

«አምስት። አንዱን ያፈረሰው እናንተ ገበያ ስትሄዱ ነው።» ጨርቁን አጣጠፈችው። «ሜዳውማ ካለቀ ሁለት ዓመት ሆነው። አልቋል ካለ ግን እኔ እወጣበታለሁ፤ ትወድቅብኛለች ብሎ ፈርቷል። እኔ ደግሞ ሦስት ሳምንት ነው ያለኝ።»

እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ በሰው ፊት ስስቅበት የኖርኩት በዚህ ነው። አፈርኩ። ምን ላድርግልሽ ስላት ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ቨርጅልን ከሜዳው እንዳርቅላት ጠየቀችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ደወልኩና ውሃው አሁንም አልሄድ ብሏል አልኳቸው። እውነቴን ነበር። ኢንጂነሩ በሰባት ደቂቃ ውስጥ አካፋቸውን ይዘው ደረሱ። እስከ ወገባቸው ጉድጓድ ውስጥ ገብተው ስለ ቱቦ ዘቅዛቃነት ሲያስተምሩኝ፣ ከአጥሩ ወዲያ አንድ ሞተር ሁለት ጊዜ አስነጥሶ ተነሣ።

ንግግራቸው መሃል ላይ ቆመ። ሊወጡ ሞከሩ፤ ቦቲያቸው ጭቃው ውስጥ ተቀርቅሮ አልወጣ አላቸው። እጄን ሰጠኋቸው፤ ሳይወጡ እጄን እንደያዙ ቀሩ።

ቢጫው ሞተር የመጀመሪያውን ኩርባ በቀስታ ታጥፎ ወደዚያ አምስቴ ወደ ፈረሰው ጉብታ ሄደ። ማርሊስ ከኮርቻው ብድግ አለች። ሁለቱም ጎማዎች ከመሬት ለቀቁ፤ ብዙም አይደለም፣ አንድ ክንድ ቢሆን ነው። ጣቶቼን ያንን ያህል የጨመቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። ጎማዎቹ መሬት ነኩ። ማርሊስ ቀጠለች። ሁለተኛውን ዘለለች፣ ሦስተኛውን ዘለለች፣ ደግማ ዞረች። በሦስተኛው ዙር ክቡር ኢንጂነር እዚያው ጉድጓዳቸው ውስጥ እንደ ልጅ ያለቅሱ ነበር።

«ክርኗን አየኸው?» አሉኝ። «እንዴት ከፍ እንደምታደርገው አየህ? ያኔም እንዲህ ነበረች።»

አየሁ አልኩ። እኔም ዓይኔን በእጅጌዬ ጠረግኩ።

ማርሊስ አጥሩ ጋ መጥታ ሞተሩን አጠፋች፣ ሄልሜቷን አወለቀች። ፊቷ ቀልቷል፤ ሳታገባ በፊት ምን ትመስል እንደነበር ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

«ቨርጅል» አለች፤ «ሦስተኛው ጉብታ የሕፃን ነው። ከፍ አድርገው።»

እሳቸውም ከልማዳቸው «ሁለት ቅዳሜ...» ብለው ጀመሩ።

«አንድ ነው የምሰጥህ» አለች።

እጄን ስበው ከጉድጓዱ ወጡ። ዶዘሩን አየሁት፣ ጉብታውን አየሁት፣ ሄጄ የራሴን ሎደር አመጣሁ። ምሳ እንኳን አልበላንም። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ገና ሳለች፣ ሦስተኛው ጉብታ እስከ ደረቴ ሆኖ ቆመ። ቨርጅል በአካፋው ጀርባ መታ መታ አድርገው አለሰለሱትና ወደ እኔ ዞሩ። «አለቀ» አሉ። ቃሉን ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ማርሊስ እስከ ሕክምናዋ ዋዜማ በየቀኑ ጋለበችበት፤ እሳቸውም በየቀኑ ዳር ቆመው ክርኗን አዩ።

አሁን ሚያዝያ ነው። አዲሱ ጉልበት ደኅና ነው፤ ማርሊስ ያለ ምርኩዝ ትሄዳለች። ኢንጂነሩ ሐኪሙን አፋጠው ይዘው፣ የከለከለው ዝላይ እንጂ ሜዳ ለሜዳ መንዳት እንዳልሆነ አረጋግጠዋል። ስለዚህ በእኔ ድንበር በኩል፣ ጉብታ የሌለው፣ ለስላሳ አዲስ ዙር ሊሠሩ ችካል ተክለዋል። ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ አልጠየቅኳቸውም፤ እሳቸው ግን ነገሩኝ።

ትናንት ሠላሳ ትንንሽ ቀይ ባንዲራ ገዝቼ፣ ቱቦዬ የሚያልፍበትን መሥመር ከዳር እስከ ዳር ተከልኩላቸው። መጡ፣ ባንዲራዎቹን አንድ በአንድ ተከትለው ሄዱ፣ ተመለሱ። ችካላቸውን ሁሉ ነቅለው አሥር እርምጃ ወደ ራሳቸው የመኖ ማሳ አስገቡት። ከዚያ ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ።

«እንግዲያው ሦስት ቅዳሜ ይሆናል» አሉኝ።

ሎደሬን ላስነሣ ሄድኩ።