«ተልኳል» ባዩ ጎረቤቴ

«ደረሰ ወይ?» ሲባል «ተልኳል» ብሎ የሚመልስ ሰው አልገጠማችሁም? እንግዲያው ደምሴን አታውቁትም። ይህ የኮልፌ ጎረቤቴ፣ በደርግ ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ሲገባ በስልክ መስመር ውጭ አገር መልእክት የሚልክ ፕሮግራም ሠራ። ምን አለፋችሁ፣ እኛ አውቶቡስ አጥተን ጦር ኃይሎች ድረስ በእግራችን ስንኳትን፣ የሱ መልእክት በአንድ ትንፋሽ ባሕር ይሻገራል!

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ቀበሌ ለውትድርና መልምሎት ጦር ሜዳ የጠፋ ልጃቸውን እንዲያፈላልግላቸው፣ ውጭ አገር ላለ ድርጅት በደምሴ ማሽን መልእክት አስላኩ። መልስ የለም።

«ደረሰ ወይ፣ ደምሴዬ?»

«እትዬ፣ ማሽኑ ‹ተልኳል› ብሏል። ማሽን ይዋሻል እንዴ?»

ክረምቱ ወጣ፤ የደምሴ መልስ ያው ነው። በመጨረሻ እኔ ባለሁበት እትዬ አስካለ አንገታቸውን ደፉ።

«ቀበሌም ስለ ልጄ ስጠይቅ ይሄንኑ ነው ያለኝ» አሉት። «‹ተልኳል›።»