አቶ ማንደፍሮ ሰው የሌለበትን ባሕር ሊማርኩ ኦስቲያ እንደ ዘመቱ

ደርግ በተቀመጠ በዘጠነኛው፣ አቶ ማንደፍሮ ፔርሜሶ የሚሉትን የሮማ መኖሪያ ፈቃድ በያዙ በስድስተኛው፣ ካሜራ በገዙ በሁለተኛው ዓመት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ግንቦት ፲፫ ቀን፣ በዕለተ ቅዳሜ የሆነውን ንዜኑ፤ የሰማህ ላልሰማው ንገር። እኒህ ማንደፍሮ የማሽላ ሊቅ፣ ሮማ ባለው የዓለም እህል መሥሪያ ቤት የሦስተኛው ፎቅ መኰንን፣ በአሳንሰር እንጂ በደረጃ የማይወጡ ጌታ ናቸው።

የዘመቻውም ምክንያት እንዲህ ነው። ካሜራ ከገዙ ጀምሮ መርሐ ቤቴ ለሚኖሩት እናታቸው ለወይዘሮ ዙፋን ፎቶ ይልኩ ነበር፤ ነገር ግን በእኛ ደንብ ሰው የሌለበት ፎቶ ፎቶ አይባልምና፣ በፏፏቴውም ፊት፣ በቅዱስ እስጢፋኖስም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ መካከል ላይ ቀጥ ብለው እየቆሙ ሮማን በሙሉ በደረታቸው ጋረዷት። በመጨረሻ ከወይዘሮ ዙፋን ዘንድ፣ በቄሱ እጅ የተጻፈ ዐዋጅ ወጣ፦ «ልጄ፣ ያንተን መልክ እኔው ወልጄዋለሁ፣ አውቀዋለሁ። ዓይኔ እየፈዘዘ ነውና ሳይጨልምብኝ ባሕር የሚሉትን ልየው፤ አንተ እባክህ ዘወር በል።» ይህ ቃል አንጀታቸውን በላው።

ስለዚህ የፎቶ ትምህርት ተመዝግበው፣ በማለዳው ትሬኖ፣ በመጀመሪያው ባቡር፣ ወደ ኦስቲያ ባሕር ዳርቻ ዘመቱ። በፊት መምህርቷ ሲኞራ ቤርቲ፣ ከኋላ የካሜራ ማቆሚያ የተሸከሙ ሁለት ጡረተኞች፣ አንድ የጥርስ ሐኪም፣ ሽቶዋ ከእርሷ ቀድሞ የሚደርስ አንዲት ባለ ፋርማሲ፤ በቀኛቸውም ሳይመዘገብ ስንቅ ይዞ የተከተላቸው የአስመራው ወዳጃቸው፣ የሆቴል ወጥ ቤቱ ዑቕባሚካኤል ነበሩ። መምህርቷም ዐወጀች፦ «አሎራ፣ እንግዲህ ዛሬ ባሕርና ሰማይ ብቻ ነው የሚነሣው፤ ሰው ያነሣ ትምህርቱን ወደቀ።»

አቶ ማንደፍሮ ባርኔጣቸውን እንደ ደፉ ሠላሳ ስድስት የፊልም ጥይት የጎረሰውን ካሜራቸውን አነሡ። ዳሩ ግን ካሜራ ሲነሣ አይቶ የማይቆም ሐበሻ የለምና፣ ዑቕባሚካኤል ኮቱን ቆልፎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በባሕሩ ፊት ተገተረ። ወዳጅን ዘወር በል ማለት ነውር ነውና አነሡት፤ በጎኑም ደገሙት። ጡረተኞቹ ይህን አይተው ተሰለፉ። ሐኪሙን አንሥቶ ባለ ፋርማሲዋን መተውም አድልዎ ሆነባቸው፤ መንገደኛ ዓሣ አጥማጅ እንኳ ከነውሻው አልቀረም። ሠላሳ አምስቱ ጥይት በይሉኝታ አለቀ።

አንዲት ስትቀር የእናታቸው ዓይን ትዝ አላቸውና ፈሩ። ያን ጊዜ በዘመናቸው ያልተሰማ ዐዋጅ አስነገሩ፦ «ወዳጅም ባዕድም፣ አስመራም ሮማም፣ ሁላችሁ ከኋላዬ ሁኑ፤ የተቀየመ ቢኖር ሰኞ እንታረቃለን።» ሠራዊቱ አፈገፈገ፤ ዑቕባሚካኤልም ኮፍያውን አንሥቶ እያጉረመረመ ሄደ። ባሕሩ ባዶ ሆነ። የጠዋቷ ፀሐይ ከጀርባቸው ገና ዝቅ ብላ ሳለች፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ተኰሱ።

ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ ባሕር ነበረበት፣ ሰማይ ነበረበት፣ አንድም ሰው አልነበረበትም። ከአሸዋው ተነሥቶ እስከ ማዕበሉ የተጋደመ፣ ባርኔጣ የደፋ አንድ ረጅም ጥላ ግን ነበረ። አቶ ማንደፍሮም ጥላ ሰው አይደለም ብለው ራሳቸው ከስሰው፣ ራሳቸው ፈርደው ላኩት።

እንግዲህ ማን እንደ ማንደፍሮ? ይሉኝታን የረታ፣ ወዳጁን ከባሕር ያባረረ፣ ማዕበልን በአንዲት ጥይት የማረከ! ሦስት እሑድ ሙሉ በቅዱስ እስጢፋኖስ ደጃፍ ይህ ምስጋና ሲነገር ሰማን፤ ተናጋሪውም እሳቸው ነበሩ። በአራተኛው ሳምንት የወይዘሮ ዙፋን ቃል ደረሰ፦ «ባሕሩን አየሁት፣ ተመስገን፤ ሰፊ ነው። አንተ ግን ልጄ፣ ምነው እንዲህ ከሳህ፣ ጠቆርክ?»